የሰው ጉርሻ ቆጣሪ

የሰው ጉርሻ መቁጠር ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። እንግዳ ሲበላ ዓይንን ሰበር ማድረግ፣ ሳህኑ ሲጎድል መሙላት፣ «ብሉልኝ እንጂ፣ ምኑን በላችሁት» ማለት ነው የእኛ ቤት ወግ። ስንት ጊዜ እንደጎረሰ ማየት የንፉግ ሥራ ነው። ይህን አሳምሬ እያወቅኩ የሚስቴን ጉርሻ ለዓመታት ቆጥሬያለሁ። እንጀራዋን አልነካሁባትም፤ የምቆጥረው ኬኳን፣ ብስኩቷን፣ ባቅላቫዋን ነበር። «ለጤናሽ ብዬ ነው» እላታለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ስለ ጤናዋ አንድም ቀን ተጨንቄ አላውቅም ነበር። የጨነቀኝ ሰው ፊት አብራኝ ስትቆም እንዴት እንደምትታይ ነው።

የተጀመረው ሦስተኛዋ ልጃችን ከተወለደች በኋላ ነው። በአራስነቷ ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ በማር፣ ጠያቂው ሁሉ «ብዪ፣ ጠንክሪ» እያለ ሲያጎርሳት እኔም ከአጉራሾቹ አንዱ ነበርኩ። ክርስትናው አልፎ፣ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ወደ ማስተማር ሥራዋ ስትመለስ የድሮ ቀሚሶቿ አልዘጋ አሉ። እሷ አዲስ አሰፋችና ነገሩን ረሳችው። እኔ ግን ያዝኩት። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ «ወገብሽን የት ጣልሽው?» ስላት አብራኝ ትስቃለች። ቀልዱ ሲደጋገም ሳቋ እያጠረ መጣ። ያን ልብ አላልኩም፤ የእኔ ልብ ኬኩ አለመቀነሱ ላይ ነበር።

ጣፋጭ ትወዳለች። አራት ኪሎ ተወልዳ ያደገች ናትና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአባቷ ጋር ፒያሳ ኬክ ቤት መሄድ የልጅነቷ ትልቁ ደስታ ነበር። ጣሊያን ከፓስታውና ከማኪያቶው ጋር ትቶት የሄደው ያ የኬክ ቤት ልማድ ለእሷ የአባቷ ማስታወሻ ነው። ይህን ስታወራኝ ሰምቻለሁ። ሰምቼም ቆጥሬባታለሁ።

አንድ ዓመት ለገና እህቷ ቤት ተሰብስበናል። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው እየተፈላ፣ የእህቷ ባል ቢላዋውን ይዞ ቶርታውን መቁረስ ጀመረ። የእሷ ተራ ሲደርስ እኔ ከወንበሬ ሆኜ፣ «ለእሷ ቀጭን አድርግላት፤ ዳይት ላይ ናት» አልኩ። ዳይት ላይ አልነበረችም። ቤቱ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ቀጭኗን ቁራሽ ተቀብላ በሹካ አንዴ ነካ አደረገቻትና ሳህኑን ለትንሿ ልጃችን ሰጠቻት። «እማዬ፣ አይጣፍጥም እንዴ?» አለች ልጅቱ። «ጠግቤ ነው» አለቻት።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ፊት ጣፋጭ መብላት ተወች። ያሸነፍኩ መሰለኝ። ለጓደኞቼ ሳይቀር «ትንሽ ጠንከር ማለት ነው እንጂ ይቻላል» ብዬ መክሬበታለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የተሳፈርኩበት ታክሲ በትራፊክ ተይዞ አንድ ኬክ ቤት ፊት ለፊት ቆመ። በመስኮት ሳይ ሚስቴ ውስጥ ተቀምጣለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ጎኗን ወደ መንገዱ አድርጋለች፤ በሹራቧ ነው የለየኋት። ከፊቷ ላዩ ላይ ነጭ ስኳር የተነሰነሰበት የክሬም ኬክ አለ። አንዱን ጉርሻ ሳትውጥ ሌላውን ታነሳለች። ስትጨርስ አፏን በሶፍት ጠረገች፤ በስልኳ መስታወት ፊቷን አየች፤ ተነስታ ጥቁር ሹራቧን አራገፈች። ታክሲው ሄደ።

ማታ እራት ሲቀርብ «አልራበኝም፤ ስብሰባ ላይ ሻይ ነገር ነበር» አለች። እጅጌዋ ላይ ያልተራገፈ ነጭ ነገር አየሁ። ወንድ የሆነ ሰው ዝም ይል ነበር። እኔ ግን፣ «እጅጌሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አልኳት። ቀና ብላ አየችውና በጣቷ ጠረገችው። «ጠመኔ ነው» አለች።

ሃያ ዓመት ያህል አስተምራለች፤ ጠመኔ እጅጌዋ ላይ መገኘቱ የሚያጠራጥር አይደለም። እኔ ግን እውነቱን ስለማውቅ ሌባ እንደያዘ ዘበኛ በልቤ ፈገግ አልኩ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የማፍረው በዚያ ፈገግታ ነው። በአንድ ቁራሽ ኬክ ምክንያት ውሸት የማታውቅ ሴት ውሸት ማስተማሬ ያን ምሽት አልታየኝም።

ዓይኔ የተገለጠው በራሴ ላይ ሲደርስ ነው። በመሥሪያ ቤት የጤና ምርመራ በባዶ ሆዴ የተወሰደው ደም ስኳሬ ከፍ ማለት እንደጀመረ አሳየ፤ በሽታው ገና አልደረሰብኝም፣ መንገዱ ላይ ግን ነኝ። ሲስተሯ የምበላውን ስትጠይቀኝ ደረቴን ነፍቼ «እኔ ጣፋጭ አልወድም፤ ኬክ የሚባል አልነካም» አልኳት። «ሻይ በስንት ማንኪያ ነው የሚጠጡት?» አለችኝ።

ብዕሯን ይዛ አብራኝ ደመረች። የጠዋት ሻይ በ3 ማንኪያ፣ የሥራ ቦታ ሻይ በ3፣ የከሰዓት ማኪያቶ በ2፣ የማታ ቡና ሁለት ስኒ በ2፣ በ2። 12 ማንኪያ ሆነ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ነው። ከምሳ ጋር የምጠጣው ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ደግሞ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ወደ 80 ግራም ደረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፤ 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም መሆኑ ነው። ቢቻል ደግሞ ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል ይመክራል። «ታዲያ በማር ልተካዋ» አልኳት። ማርም በዚያው ሒሳብ እንደሚገባ፣ ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማ ስኳር እንደሆነ ነገረችኝ። የጭማቂ ቤት ጁስ ስኳርም በዚያው ሒሳብ ይገባል።

ወደ ቤት ስሄድ ሒሳቡ በጭንቅላቴ ይዞር ነበር። 80 ግራም ስኳር 320 ካሎሪ ነው። አንድ ቁራሽ የክሬም ኬክም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ቅቤው ስላለበት 300 ወይም 400 ቢሆን ነው። የእሷን የሳምንት ኬክ እኔ በየቀኑ እጠጣው ነበር ማለት ነው። ያውም የሚጠጣ ስኳር እንደሚታኘክ ምግብ አያጠግብም፤ ለስላሳውን ጨርሼ እንጀራዬን አልቀንስም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔ ነኝ።

ስለ ሦስቱ ማንኪያ ትንሽ ልበል፤ ለማመካኛ አይደለም። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ቢጀምርም እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ዘመን፣ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በኩፖንና በሰልፍ የሚገኝ ነገር ነበር። እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ቁልፉን በመቀነቷ ትይዝ ነበር። ትልቅ ሰው ስሆን እንደልቤ አደርጋለሁ ብዬ ነበር፤ አደረግኩም። የእኔ ስኳር የመጥገብ ምልክት፣ የእሷ ኬክ የመዝረክረክ ምልክት የሆነብኝ በየትኛው ፍርድ እንደሆነ እንጃ።

ያን ሳምንት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁሉንም ነገርኳት፤ ታክሲውን፣ መስኮቱን፣ ጠመኔውን። ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየች። «ያ ኬክ ጣፍጦኝ እንደማያውቅ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ሰው ሳያየኝ ልጨርስ ብዬ ስጣደፍ ማለቁን እንኳ አላውቅም። ስለዚህ ሁለተኛ አዛለሁ። ሁለተኛው ያንተ ንዴት ነው።»

ልክ የሚባል ነገር ከየት እንደሚመጣ የገባኝ ያኔ ነው። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ኬክ ሲገዛላት አንዱ ይበቃት ነበር፤ ተቀምጣ፣ እያወራች፣ እየተዝናናች ስለምትበላው። እኔ ስከለክላት አንዱ ሁለት ሆነ። ተደብቆ የሚበላ ነገር «በቃኝ» የሚባልበት ጊዜ የለውም። ኬክ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። የጾም ኬክ እንኳ ቅቤና እንቁላሉ ቢቀርለት ዘይቱና ስኳሩ አብሮት አለ፤ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድም የአንዱን ቁራሽ ግማሽ ቢያቃጥል ነው። ግን በሳምንት አንዴ፣ በግልጽ፣ ቀስ ተብሎ የሚበላ ኬክ ቤት አላፈረሰም። ቤቴን ሲሸረሽር የኖረው የእኔ ዓይን ነው።

አሁን ሻዬን በአንድ ማንኪያ ነው የምጠጣው፤ መጀመሪያ እንደ መድኃኒት ጎመዘዘኝ፣ ቆይቶ ምላሴ ለመደው። ለስላሳውን ለሠርግና ለበዓል ብቻ አስቀርቼዋለሁ። ቅዳሜ አብረን ኬክ ቤት እንሄዳለን። «አንዱን እንካፈል?» ስላት፣ «ያንተን ተካፈል፤ የእኔን ሙሉውን ነው የምበላው» አለችኝ። አንዱን ትበላለች፤ ሁለተኛ ስታዝ ግን አይቼ አላውቅም። ክብደቷ ቀንሶ ይሁን ጨምሮ አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅ።

ባለፈው ገና ደግሞ እዚያው እህቷ ቤት፣ በዚያው ሰው ፊት፣ ያን ዓመት የተናገርኩት ነውር እንደነበር ተናገርኩ። በአደባባይ የተሠራ በደል በጓዳ ይቅርታ አይሽርም ብዬ ነው። የእህቷ ባል «ተው እንግዲህ፣ ማን ያስታውሰዋል» አለኝ። ሚስቴ «እኔ» አለች።

እሷ ይቅር ብላኛለች። የከበደኝ የትንሿ ልጃችን ነገር ነው። ያን ዕለት ሳህኑን ከእናቷ የተቀበለችው ልጅ ዛሬ ደርሳለች፤ ኬክ ሲቀርብላት ሹካውን ከማንሳቷ በፊት ወደ እኔ ታያለች። «ብዪ እንጂ፣ የእኔ ልጅ» እላታለሁ፤ ትበላለች፤ ግን አይታኝ ነው። እንድታየኝ ያስለመድኳት ሳላስበው፣ በቀልድ ነው። የማታስተውል እንዳትመስላችሁ፤ የእናቷን ሳቅ ማጠር ከእኔ ቀድማ ያስተዋለችው እሷ ናት። ይህን ለማስተው ከኬኩ ሒሳብ የበለጠ ሥራ አለብኝ፤ ገና መጀመሬ ነው።