አርባ ጠገራ ብርና የፊላደልፊያ ጉዞ



እያንዳንዱ ሰው ልቡ የሚያዘነብልበት ነገር አለው። የእኛ ልብ ከልጅነት ጀምሮ የቆየ ገንዘብ ይወዳል። ያስጀመሩን ወላጅ አባታችን (አላህ ይዘንላቸው) የሰጡን አራት የብር ሽልንጎች ናቸው። ዘውድ የጫነ አንበሳና በግዕዝ ቁጥር 1936 የሚል ዓመት አለባቸው። ኋላም አንድ በአንድ እየገዛን አርባ ጠገራ ብር አከማቸን።

የዚያ ዓመት የብር ሽልንጎች የተቀረጹት ዛሬ በምንኖርበት አገር፣ በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ እንደሆነ ያነበብን ዕለት ግን ቦታውን ለማየት ቆረጥን። የፊላደልፊያው የሳንቲም መቅረጫ ቤት በ1792 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን፣ የአሁኑ ሕንጻ በ1969 የተከፈተ አራተኛው ነው። ጎብኚ ከፍ ካለ መተላለፊያ ላይ ሆኖ በመስታወት ወደ ታች ያያል፤ ብረቱ በክብ ሲቆረጥ፣ በእሳት ሲለሰልስ፣ ጠርዙ ሲነሣ፣ መጨረሻም መልኩ ሲታተምበት።

ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚያስኬድ ዕቅዱን ከቤተሰቡ ጋር ሠራን። ቅዳሜና እሑድ ዝግ ስለሆነ የልጆቹን የትምህርት ዕረፍት መጠበቅ ነበረብን። ዓርብ ጁሙዓ እንዳያመልጠን ሐሙስን መረጥን። በር ላይ ፍተሻ ስላለ ሳንቲሞቹ ከቤት እንዲቀሩ ባለቤታችን መከሩን፤ እኛም ተስማማን። በምትኩ የእያንዳንዱን ክብደት በደብተር ጽፈን ለመያዝ አሰብን።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን የወጥ ቤቱን ሚዛን አምጥታ ትመዝን ጀመር። ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሑ ብር 23 ግራም ከፍ ይላል። አርባውን አባዝታ ከ930 ግራም በላይ ንጹሕ ብር አገኘች። እርሳሷን አስቀምጣ፣ «አባባ፣ የብር ኒሷብ 595 ግራም ነው ብለው ኡስታዛችን አስተምረውናል። ለእነዚህ ዘካ እናወጣለን?» ስትል ጠየቀችን።

መልስ አጣን። በየረመዳኑ የባንኩን ገንዘብ አስልተን እናወጣ ነበር። ሳጥኑን ግን አንድም ቀን ቆጥረነው አናውቅም። «ይህ እኮ ቅርስ ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም» እያልን ራሳችንን አታለን ኖረናል። ወደ መስጂዳችን ኢማም ሄደን ብንጠይቅ፣ ነገሩን አድምጠው «ብር ነው አይደለም እንዴ?» ብቻ አሉን። አሳፈረን። በሱረቱ ተውባ ወርቅና ብር አከማችተው በአላህ መንገድ ለማይለግሱ የመጣውን ማስጠንቀቂያ ስንት ጊዜ ቀርተነዋል!

ዘካው ከአርባ አንድ ነው። አርባ ጠገራ ብር፣ በዓመት አንድ ጠገራ ብር! ስብስባችን አርባ ከሞላ ስድስት የሂጅራ ዓመት አልፎታል። ያለፈውን ሁሉ በዕለቱ የብር ዋጋ አስልተን በጥሬ ገንዘብ ለሚገባቸው አደረስን። ለመንገድና ለማደሪያ ያስቀመጥነው ገንዘብ አብሮ ስለሄደ ጉዞው ወደሚቀጥለው የትምህርት ዕረፍት ተላለፈ። ልጆቹ ትንሽ አኮረፉ፤ ልጃችን ግን ደብተሯን ይዛ፣ «ሲሞላልን እንሄዳለን፤ ሕንጻው አይሸሽም» አለች።

ጠገራ ብር መቼም ይቀረጽ መቼ የሚያሳየው ዓመት 1780 ነው። ሽልንጉም እንዲሁ ኋላ የተቀረጸው ሳይቀር 1936 ይላል። ሳንቲም ዕድሜውን ይደብቃል። እኛ ዘንድ የቆየበትን ዘመን ግን ከአላህ (ሱ.ወ.) የሚደብቅ የለም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በየቤታችን የእናት አምባር፣ የአያት ጠገራ ብር የተቀመጠበት ሳጥን አይጠፋም። ዛሬውኑ ከፍተን እንመዝነው፤ ያልገባንንም ዐዋቂ እንጠይቅ። እኛም ኢንሻአላህ በቀጣዩ ዕረፍት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ቀለል ባለ ልብ ወደ ፊላደልፊያ እንነሣለን።