አጥሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ

ውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ቤቴ መጥታችሁ የጓሮውን አጥር አይታችሁ «ማነው እንዲህ የቀባው?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ የመለስኩላችሁ ውሸት ነው። «የእህቴ ልጅ ነው፤ አዲስ ገቢ ስለሆነ የዚህን አገር እንጨት ገና አልለመደውም» ብያችኋለሁ። ብሩሹን የያዘው እሱ መሆኑ እውነት ነው። እንጨቱን ግን ከእኔ በላይ ያውቀው ነበር፤ ቀለሙንም ቀኑንም የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ልጁ ከአሥራዎቹ ዕድሜው ጀምሮ አዲስ አበባ የቤት ዕቃ ሲሠራ የኖረ ነው። ሳይደርቅ የተሠራ ዋንዛ ዓመት ሳይሞላው እንዴት እንደሚጣመም፣ እርጥብ ጣውላ ላይ የተቀባ ቫርኒሽ እንዴት እንደሚነሳ በእጁ ያየ ነው። ዲቪ ደርሶት እኔ ቤት ሲያርፍ አጥሩ ገና መተከሉ ነበር። እኔ ደግሞ አባቴ የባሕር ዛፍ ቋሚ ሲተክል ምስጥ እንዳይበላው እግሩን የተቃጠለ ዘይት ሲቀባ እያየሁ ስላደግሁ፣ ስለ አጥር የሚነገረኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። (የተቃጠለ ዘይት እዚህ እንዳትሞክሩት። አፈሩን ይመርዛል፣ ሕጉም አይምርም።)

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ልናዘዝ። አጥሩ ርዝመቱ 120 ጫማ፣ ቁመቱ 6 ጫማ ነው። ሁለቱ ጎን ሲደመር 1,440 ካሬ ጫማ ይሆናል። ሻካራ የአጥር እንጨት ደግሞ ጠጪ ነው፤ አንድ ጋሎን 150 ካሬ ጫማ ከሸፈነ ተመስገን ነው። ስለዚህ ባለ 5 ጋሎን ሁለት ባልዲ ስቴይን ያስፈልገኝ ነበር። ዋጋውን ስሰማ ለአጥር ሠሪዎቹ የከፈልኩት ገና አልሻረልኝም ነበርና ወደ ኋላ አልኩ። በትልልቆቹ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ቀለም ክፍል ውስጥ፣ ደንበኛ አስበጥብጦ «ያዘዝኩት ይሄ አይደለም» ብሎ ጥሎት የሄደ ቀለም በቅናሽ የሚሸጥበት ጥግ አለ። ጋሎኑን በ9 ዶላር አገኘሁት። አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ አንዱ ምን እንደሆነ የማይለይ። ሁሉም «ሶሊድ ስቴይን» የሚል ተጽፎባቸዋል። ስሙ ስቴይን ይሁን እንጂ ጠባዩ የቀለም ነው፤ እንጨቱ ውስጥ አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ቆዳ ሆኖ ይቀመጣል። ሁሉንም በአንድ ትልቅ ባልዲ ገልብጬ በዱላ አማሰልኩት፤ የወጣው ቀለም ክፉ አልነበረም። በርካሽ በመግዛቴ ዛሬም አልጸጸትም። ደረቅ እንጨት ላይ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ዓመት በደህና ያገለግለኝ ነበር።

እንጨቱ ግን ደረቅ አልነበረም። እዚህ አገር ለአጥር በብዛት የሚሸጠው «ፕሬዠር ትሪትድ» የሚባለው የፓይን ጣውላ ነው። ምስጥና ብስባሴ እንዳይነካው መዳብ ያለበት መድኃኒት በውሃ ተበጥብጦ፣ በትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ በግፊት እስከ ሆዱ ድረስ ይገባበታል። ብዙው ታዲያ ውሃውን እንደያዘ ነው ተጭኖ መደብር የሚደርሰው። ስታነሱት ክብደቱ ራሱ ይነግራችኋል፤ አንዳንዱማ ምስማር ሲመታ ዙሪያውን ውሃ ያፈልቃል። ከመድኃኒቱ በኋላ በምድጃ የደረቀም ይገኛል፣ ዋጋው ግን ወደድ ይላል። ብዙ ሰው መድኃኒት የገባበት እንጨት ከዚያ በኋላ ምንም የማይነካው ይመስለዋል። መድኃኒቱ የሚከለክለው የሚበላውን ነው፤ ፀሐይና ዝናብ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ጣውላው ይሸበታል፣ ይሰነጠቃል።

ልጁ ከቧንቧው በመዳፉ ውሃ ቀድቶ ጣውላው ላይ ረጨ። ጠብታዎቹ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብለው ተቀመጡ። በጣቱ ገፋ አደረጋቸው፣ ተንሸራተው ወረዱ። የነካቸው ቦታ አልጨለመም። ሌላ ጣውላ ላይ ደገመው፤ እዚያም ያው ነው።

«ጋሼ፣ ገና ነው። ውሃውን እንቢ ያለ እንጨት ቀለሙን አይቀበልም» አለኝ። «በጋውን ፀሐይና ነፋስ ይምታው። መምጠጥ ሲጀምር የሚሰርገውን ዓይነት እንቀባዋለን፤ እሱ ቢደበዝዝ እንኳን አይላጥም።»

ወሩ ሜይ ነበር። የልጄ ግራጅዌሽን ጁን ላይ ነው። ድንኳን ተከራይቻለሁ፣ እንግዳ ጠርቻለሁ፤ ያ አረንጓዴ የሚመስል ጥሬ እንጨት ፎቶ ላይ እንዲገባ አልፈለግሁም። «ይሄ የአሜሪካ እንጨት ነው፣ የኮልፌ አይደለም» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት። ዝም ብሎ ሮለሩን አነሳ። በአቀባቡማ ማን ሊያህለው! ከላይ ወደ ታች የእንጨቱን መስመር ተከትሎ፣ ሮለሩ ያለፈበትን በብሩሽ እየመለሰ፣ የጣውላውን የታች ጫፍ እንኳን ጎንበስ ብሎ እያጠጣ ነበር የሠራው። ድግሱ አማረ፤ ምስጋናውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

ያው በጋ ሳያልቅ ፀሐይ የሚመታው ጎን አበጠ። ነገሩ ምንም የተወሳሰበ አይደለም። ሙቀቱ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ተን አድርጎ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ደጃፉ ላይ ቆዳ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል፤ መውጫ ሲያጣ ቆዳውን ያነሳዋል። ውርጩ ደግሞ የተነሳውን ሰነጠቀው። ጸደይ ሲመጣ ቀለሙ በጣት ሲስቡት እየተገሸለጠ ይወጣ ነበር። በየኤፕሪሉ የቨርጂኒያን መኪና ሁሉ የሚሸፍነው ቢጫ ብናኝም በየስንጥቁ ገብቶ ተለጠፈበት።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ጓሮ ተቀምጠን ነበር። አንድ ወዳጄ ቅርፊቱን በጥፍሩ አንስቶ ጠየቀኝ። የተናገርኩትን ከላይ ጽፌዋለሁ። ያልጻፍኩት፣ ልጁ ያን ጊዜ ከኋላዬ ከሰል እያቀጣጠለ እንደነበር ነው። እንደሰማኝ አውቃለሁ፤ ማራገቡን አቁሞ ነበርና። ወዲያው ቀጠለ። እኔን ለማስተባበል አንድ ቃል ቢበቃው ነበር፤ አጎቱን በእንግዳ ፊት ማዋረድ አልሆነለትም። እኔ ግን እሱን በእንግዳ ፊት ለማዋረድ ምንም አልከበደኝም። ከዚያ በኋላማ ውሸቱ ቀለለኝ፤ የጠየቀኝ ሁሉ ያንኑ ይሰማ ጀመር።

ልጁ ጥቂት ቆይቶ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወደ ዴንቨር ሄደ። በየበዓሉ ይደውልልኛል።

አጥሩን ለማዳን ያልሆንኩት የለም። ላዩ ላይ ቆዳ ያለበት እንጨት የሚሰርግ ስቴይን አይቀበልም፤ ወይ ቆዳውን ከነሥሩ ማንሳት፣ ወይ ዕድሜ ልክ በቀለም ላይ ቀለም መደረብ ነው። የቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል ገዛሁ፣ ፕሬዠር ዋሽር ተከራየሁ። ቶሎ ይለቅልኝ ብዬ አፍንጫውን ሳስጠጋው ለስላሳው የእንጨት ክፍል እየታረሰ ሄዶ ጣውላው ጸጉር አወጣ። እሱን ለማስተካከል ብርጭቆ ወረቀት ያዝኩ። (የድሮ አጥር ያላችሁ ግን በዚህ በኩል ተጠንቀቁ፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 መጨረሻ ድረስ ለመኖሪያ ቤት የተመረተው መድኃኒት የገባበት እንጨት አርሴኒክ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው አይተነፈስም።) በማስለቀቂያው ኬሚካል፣ በኪራዩና በብርጭቆ ወረቀቱ ያወጣሁት ገንዘብ ያን ጊዜ እምቢ ያልኳቸውን ሁለት ባልዲዎች ገዝቶ ይተርፍ ነበር።

ልጁ የነገረኝን ባደርግ ምን ያስወጣኝ ነበር? መጠበቁ በነፃ ነው። ለማጠቢያ ነጭ ልብስ የምናነጣበት ክሎሪን ሳይሆን ኦክስጅን ብሊች የሚባለው ዱቄት፣ ለስለስ ያለ ብሩሽና የጓሮ ጎማ ይበቃሉ። ቀለሙን አንድ ዓመት ፀሐይ ለሚመታው ጎን፣ በዓመቱ ለሌላው መግዛት ይቻላል፤ ሁሉንም ባንዴ ቀቡ ብሎ የሚያስገድድ የለም። ቀዝቀዝ ባለ ቀን፣ ጥላ ባለበት ሰዓት መቀባት ነው። ስቴይኑ የዘይት ከሆነ፣ የነካውን ጨርቅ ብቻ ጠቅልላችሁ ጋራዥ ውስጥ እንዳትጥሉት፤ ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ስለሚፈጥር ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ነው።

ባለፈው አንዱን ጎን አስለቅቄ ጨርሼ ውሃ ስረጭበት መጠጠው። ያን ቀን ማታ ለልጁ ደወልኩለት። ምን ብዬ እንደምጀምር አስቤ ነበር፤ ሲያነሳው ግን ጠፋብኝና «አጥሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ በሰው ፊት ባንተ አሳብቤያለሁ» አልኩት። ጥቂት ዝም አለ።

«ተወው ጋሼ፣ እኔ ረስቼዋለሁ» አለኝ። ቀጥሎ ግን፣ «ለእማዬ ግን ንገራት» አለ።

ለካ ወሬው ኮልፌ ደርሷል። ከጠየቁኝ ሰዎች አንዱ ለእህቴ «ልጅሽ የአጎቱን ቤት አበላሸ» ብሎ በስልክ ነግሯታል። እሷም ልጇን ባስጠጋው ሰው ቤት እጁን ያልሰበሰበ ብላ ተቆጥታዋለች። እሱ ለእሷም አልነገራትም።

ሌሊቴን ጠብቄ፣ እዚያ ሲነጋ ደወልኩላት። ስለ እርጥብ እንጨትና ስለ ቀለሙ መዘርዘር ስጀምር አቋረጠችኝና «አንተ ነህ ወይስ እሱ?» አለች። እኔ ነኝ አልኳት። «እኔ እኮ ለልጄ ይቅርታ ጠይቅ ብዬው ነበር» አለችኝ።

ጠይቆኝ ነበር። ያን ቀን ለምን ይቅርታ እንደሚጠይቀኝ ያልገባኝ መስዬ «ምንም አይደል» ብዬዋለሁ።