ትንፋሽን ስለ መጠበቅና ስለ ማስታወስ

ሰው ከገዛ ልቡ የሚሸሽበት መንገድ ብዙ ነው፤ አንዱ በመጠጥ፥ አንዱ በሥራ ብዛት፥ አንዱም በጸሎት ስም ይሸሻል። እኔ ደግሞ ትንፋሼን በመጠበቅ ልሸሽ ፈልጌ ነበር።

የደሴ ነዋሪ ነኝ። እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ከዐሥር ከማይበልጡ ሰዎች ጋራ እቀመጣለሁ። ልምምዱን ያመጣችልን በውጭ አገር ብዙ ዓመት የኖረች ነርስ ናት፤ የምንሰበሰበውም ባንዲት አሮጊት እናት ቤት ነው። ከመካከላችን ሰላታቸውን ሰግደው የሚመጡ አሉ፤ ቅዳሴ አስቀድሰው የሚመጡም አሉ። ሥርዐቱ ቀላል ነው፤ ጀርባን አቅንቶ መቀመጥ፥ ዓይንን መክደን፥ ትንፋሽ በአፍንጫ ሲገባና ሲወጣ ልብ ማለት፤ አሳብ ወደ ገበያ ወይም ወደ ዕዳ ሲኮበልል ሳይቈጡ መልሶ ማምጣት። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ከሆነ በኋላ ቡና ይፈላል። በመጀመሪያው ቀን የቤቱ እመቤት አይተው፤ «ይህማ ወዳጃ ነው፤ ድቤውና ጫቱ ቀረ እንጂ» አሉ። ሁላችንም ሣቅን። ነገሩ ግን እውነት ነበር፤ የወሎ ሰው ተሰብስቦ ባንድ ልብ መቀመጥን ከሩቅ አገር አልተማረውም።

ትምህርቱ የቡድሃ ነው፤ ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1979 እ.ኤ.አ. ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የማይለቅ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የስምንት ሳምንት ትምህርት አድርጎ፥ ከሃይማኖቱ ለይቶ አቀረበው። ስለዚህ በእኛም ዘንድ ማንም እምነቱን ተው አይባልም። አንድ ወዳጄ ግን «ባዕድ አምልኮ ገባህ» ብሎ ሰላምታ ነሥቶኛል። አልፈርድበትም፤ እኔስ ብሆን ጐረቤቴ ዓይኑን ከድኖ ሲቀመጥ ባይ ምን እል ነበር?

ስሸሸው የነበረው ነገር ይህ ነው። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ፥ መኪና ስላጣን ሚስቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ በእግር ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። በሐረጎ ቍልቍለት አንዲት አሮጊት ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው፤ «ልጄ፥ እጄን ያዝና አንሣኝ» አሉኝ። «ልጆቼን አድርሼ እመለሳለሁ» አልኋቸው። አልተመለስሁም። ኮምቦልቻም ወዲያው ስለ ተያዘች ወደ ደብረ ብርሃን አለፍን። ኅዳር 27 ቀን ሁለቱ ከተሞች መለቀቃቸውን መንግሥት ካስታወቀ በኋላ ወደ ቤታችን ገባን። ሚስቴ «ሦስት ነፍስ አድነሃል» ትለኛለች። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለሌሊት የሚሆን መልስ አይደለም።

እንግዲህ ትንፋሽ መጠበቅ ያስረሳኛል ብዬ ነበር የሄድሁት። አሳቤ ጸጥ ባለ ቍጥር ግን ያ ድምፅ እየጠራ መጣ። በስድስተኛው እሑድ ይሁን በሰባተኛው ለነርሷ ነገርኋት። «ጋሼ፥ ለመርሳት ከሆነ የመጡት ተሳስተዋል፤ ሳቲ ማለት እኮ ማስታወስ ነው» አለችኝ። ሳቲ የልምምዱ ጥንታዊ ስም ነው፤ በፓሊ ቋንቋ ሥሩ ትውስታ ነው። እንግሊዛዊው ሪስ ዴቪድስ በ1881 እ.ኤ.አ. «ልብ ማለት» በሚመስል ቃል ስለ ተረጐመው ዓለም በዚያ ለመደው። የቤቱ እመቤት ይህን ሰምተው፤ «ዚክር ነዋ!» አሉ፤ የዐረቡ ዚክርም ማስታወስ ነውና። እኔም ዘከረ የሚለውን ግዕዝ አሰብሁ፤ ተዝካራችን ከዚሁ ይወጣል። ሦስቱም ወገን ባንድ ቃል ላይ ተገናኘን፤ ያን ቀን ግን እኔን ደስ አላለኝም።

ከዚህ በኋላ አንድ መጽሐፍ ትዝ አለኝ። ከየመን የመጡትና በኋላ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. «በረላምና ይዋስፍ» የሚባለውን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰውታል። የዛሬ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ታሪኩ ልብሱን የለወጠ የቡድሃ ሕይወት ነው። እንግዲያስ የዚያ ልዑል ታሪክ ወደ አገራችን ከገባ አራት መቶ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ልዑሉ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በመንገድ ላይ ያረጀና የደከመ ሰው ያያል፤ ይህ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወዲያ የቀድሞው ሰው ሊሆን አልቻለም። ልዑሉ ያን ሰው ልብ አለ። እኔ ግን ጫማዬን እያየሁ አለፍሁ።

ባንድ ቅዳሜ ሐረጎ ላይ ከመኪና ወርጄ ያን ቍልቍለት በእግሬ ሄድሁ። ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት አገኘሁና ጠየቅኋት። «ያን ቀን እዚህ የተቀመጡ ብዙ ናቸው፤ የእርስዎ ምን የለበሱ ነበሩ?» አለችኝ። ዝም አልሁ፤ ፊታቸውን እንኳ አላየሁም ነበርና።

በማግሥቱ ለጉባኤው ሁሉንም ተናገርሁ። ማንም አላጽናናኝም፤ ማንም አልገሠጸኝም። የቤቱ እመቤት ብቻ ተስቢሓቸውን አወጡና በዚያ ሳምንት ከደሴ ወርደው በግቢያቸው ያደሩትን ሴቶች ባንዳንድ ፍሬ ይቈጥሩ ጀመር፤ «አንዷ እግራቸውን ያመማቸው ነበር፤ አንዷ ከወልድያ ነን ያሉ ናቸው፤ አንዷ ሰው እጃቸውን ይዞ ያስገባቸው…» ቡናው እስኪፈላ ድረስ ገና አልጨረሱም ነበር።