የገባ ሁሉ አይይዝም

በፔንሲልቬንያ ገና ካለፈ በኋላ የሚከፈት የአጋዘን አደን ወቅት አለ። በዚያ ወቅት ጠመንጃ ይዞ ጫካ መግባት የሚፈልግ ሰው ጠመንጃው በአፈሙዙ የሚጎርስና በባልጩት የሚተኮስ መሆን አለበት። ወቅቱ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲጀመርም ሕጉ ይኸው ነበር። በምሠራበት ቶርኖ ቤት አብረውኝ የሚውሉ አንድ አዛውንት ከአባታቸው የወረሱት ስፔን ሠራሽ ጠመንጃ ነበራቸው። በአፉ ይጎርሳል፤ የሚተኮሰው ግን በእሳት ቆብ ነው። «ጉልበቴ ሳይከዳኝ አንድ ጊዜ በአባቴ ጠመንጃ ልደን» አሉኝ። እኔ አዳኝ አይደለሁም፤ ብረት ቀራጭ ነኝ። የጠየቁኝም ለዚሁ ነበር።

በባልጩቱ አሠራር ድንጋዩ ከብረት ጋር ሲፋጭ ብልጭታው ከበርሜሉ ውጭ ባለች ትንሽ ሳህን ላይ ያለውን ባሩድ ያነድዳል፤ ነበልባሉም በበርሜሉ ጎን ባለች ጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ዋናውን ባሩድ ያቀጣጥላል። ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት በ1807 በምት የሚነድ ቅመም ለጠመንጃ ማቀጣጠያነት ፓተንት ካወጡበት በኋላ ዘመኑ ተቀየረ። የአሜሪካ ጠመንጃ ሠሪዎች የድሮውን የእሳት ቀዳዳ እያሰፉ፣ ጥርስ እያወጡለት፣ ድረም የሚሏትን አጭር ብረት ያስገቡበት ጀመር። ቅመሙን የያዘው ቆብ የሚቀመጥበት ኒፕል እሷ ላይ ይታሰራል። የእኛ ሥራ ያንን መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ነበር፤ ድረሙን አውጥቶ በቦታው መሐሉ የተበሳ ቡሽ ማሰር።

ከሁሉ በፊት ግን ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብን። በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ተከፍቶ አይታይም። የመጎሰሚያውን ዘንግ እስከ መጨረሻው አስገባሁና አፈሙዙ ላይ ምልክት አደረግሁበት። አውጥቼ በበርሜሉ ውጫዊ ጎን ሳስተኛው ድረሙ ጋ መድረስ ሲገባው ሦስት ጣት ያህል አጠረ። አዛውንቱ ፊታቸው ተለወጠ። «አባቴ የጫነው ነው» አሉ። ያ ጠመንጃ ስንት ዓመት ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ የልጅ ልጆቻቸው በሚጫወቱበት፣ ጎርሶ ተሰቅሎ ኖሯል። ኒፕሉን ፈትተን ባሩዱን በውኃ አራስነው፤ እርሳሱንም በዘንጉ ጫፍ በሚታሰር ብሎን ወግተን ጎትተን አወጣነው።

ድረሙ ዘይት ጠጥቶ ካደረ በኋላ በርሜሉን በሞርሳ አሥረን ፈታነው። አዛውንቱ ከኪሳቸው አዲስ ቡሽ አወጡ፤ ከጠመንጃ ዕቃ ሻጭ የገዙት ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ በኢንች 24 ጥርስ ያለው ነው። በጣታቸው ይዘው አዞሩት። «ገባ እኮ!»

እውነትም ገባ። ትንሽ ይወዛወዛል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ያዝ ያደርጋል፤ በመፍቻ ቢገፉት እስከ መጨረሻው የሚሄድ ነበር። እኔ ግን ይህን መወዛወዝ ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ሙያ ስለምድ ከሶማሌ ተራ የሚመጣልን ብሎን የፊያቱ በሚሊ፣ የላንድሮቨሩ በኢንች፣ በአንድ ቆርቆሮ ተደባልቆ ነበር። አሠልጣኜ ጋሼ ዳዶ በእጁ ሲገባለት የሚደሰተውን ተለማማጅ ሁሉ «መግባቱን ተወው፣ መያዙን አሳየኝ» ይሉት ነበር።

ድረሙን በካሊፐር ለካሁት፤ 9.8 ሚሊ። ሦስት ስምንተኛ ኢንች 9.525 ሚሊ ነው። ያረጀ ጥርስ ይሳሳል እንጂ አይወፍርም፤ ስለዚህ ድረሙ ሲሠራ 10 ሚሊ የነበረ መሆን አለበት። የቀረው በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት ነው። በኢንች 24 ጥርስ ማለት በየጥርሱ 1.058 ሚሊ ነው፤ ለዚህ የሚቀርበው የሚሊ ጥርስ ደግሞ ልክ 1። የበርሜሉ ግድግዳ 5.5 ሚሊ ብቻ ስለሚወፍር ጥርሱ አምስት ተኩል ቢሆን ነው፤ በዚያ ሁሉ የሚጠራቀመው ልዩነት 0.3 ሚሊ ያህል ነው። ዓይን አይለየውም። ማዕዘኑም አያጋልጥም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ያወጡት ጥርስ 55 ዲግሪ ነው፤ ዊልያም ሴለርስ በ1864 እዚሁ ፔንሲልቬንያ፣ ፊላደልፊያ ላይ ያቀረቡት የአሜሪካው ግን 60 ነው። ሚሊውም 60 ነው። የጥርስ መለኪያውን ድረሙ ላይ አድርጌ ወደ መስኮቱ አነሣሁት። በ24ቱ ቅጠል ሥር ቀጭን ብርሃን አለፈ። የ1 ሚሊውን ሳስቀምጥ ብርሃኑ ጠፋ።

«ከጎንዎ የሚቆም ሰው ባይኖር እንኳ ይህን ቡሽ አላሥርልዎትም» አልኳቸው። «ጥርሱ በጫፉ ብቻ ነው የሚነካካው። ባሩዱ ሲነድ ወደ ጎን ተፈናጥሮ ይወጣል።» ገንዘባቸው እንደባከነ ቆጥረው ትንሽ አኮረፉ።

ከማይዝግ ብረት 10 በ1 ቡሽ በቶርኖ ቀረጽኩላቸው። ርዝመቱን ከግድግዳው ጋር እኩል አደረግሁት፤ ወደ ውስጥ ከዘለቀ እርሳሱን ያግዳል፣ ጽዳትም ያስቸግራል። የውስጥ አፉን እንደ ቁና ሰፋ አድርጌ፣ የእሳት ቀዳዳውን 1.6 ሚሊ በሳሁት። የባልጩቱን መምቻ ከዚያው ሞዴል አሮጌ ጠመንጃ ላይ አገኙት፤ ቦታው ላይ ልክ ገባ፣ የእሳት ቀዳዳውም ከሳህኗ አፍ ጋር ተስተካከለ። መምቻውን የሚያሥረው ብሎን ደግሞ ሌላ ወጥመድ ሆነ። ቀዳዳው 5 ሚሊ፣ ጥርሱ 0.8 ነው፤ አሜሪካኖቹ አሥር ሠላሳ ሁለት የሚሉት ብሎን ደግሞ 4.83 ሚሊ፣ ጥርሱ 0.794። እሱም ይገባል! ይህኛው የባሩድ ጉልበት አይሸከምም፤ ቢሆንም የሚሊውን ፈልጌ አሠርኩ።

መጀመሪያ የተኮስነው ጠመንጃውን አሮጌ ጎማ ላይ አሥረን፣ ከግንብ ጀርባ ሆነን ቃታውን በረጅም ገመድ እየሳብን ነው። ቡሹና በርሜሉ በሚገናኙበት ላይ ቀለም ቀብቼ ነበር። ደጋግመን ከተኮስን በኋላም ቀለሙ አልተሰነጠቀም፤ በጥርሱ ዙሪያ ጥላሸት አልወጣም። አዛውንቱ ያን ጊዜ ጠመንጃውን ከትከሻቸው አስደግፈው ተኮሱ፤ ኩርፊያቸውም በዚያው ለቀቀ።

ከመለያየታችን በፊት መምቻውን እንደገና ፈትቼ በውስጥ ገጹ ላይ «10×1» ብዬ በማኅተም መታሁበት። «ማን ሊያየው?» አሉኝ። ጠመንጃው ነገ ለልጆቻቸው ይተርፋል፤ ያን ቡሽ የሚቀይረው ሰው ሚሊና ኢንች የተደባለቀበት ቆርቆሮ ይዞ ይመጣ ይሆናል። የሚያየው እሱ ነው አልኳቸው።