አንድ ማሳ፣ ብዙ አዝመራ

ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው ስለ ኮምፒውተር ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ኩበርኔቲስ በተባለ ሶፍትዌር ብዙ አፕሊኬሽኖችን ያስተዳድራል። አባባ ደግሞ የባንኮ ጎቲቲ ቡና አምራች ናቸው። «ሥራዬ ኮንቴይነር ላይ ነው» ሲላቸው ቡና ጭኖ ጅቡቲ የሚወርደው የብረት ሣጥን ይመስላቸዋል። ለገዛ አባቴ ማስረዳት ካልቻልኩ ነገ ለማን ልጽፍ ነው?

ኮንቴይነር ማለት አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ የታሸገበት ጥቅል ነው፤ የትም ቢወስዱት እኩል ይሠራል። ብዙ ኮምፒውተሮች ተያይዘው እንደ አንድ ሲሠሩ ደግሞ ክላስተር ይባላሉ። ኩበርኔቲስን ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ለሁሉም ክፍት አደረገው፤ ስሙም በግሪክኛ መርከብ መሪ ማለት ነው። ባለሙያው «የዚህ አፕሊኬሽን 3 ቅጂ ይኑር» ብሎ ይጽፋል። አንዱ ቢወድቅ ሶፍትዌሩ ራሱ ሌላ ይተካል።

ጣጣው የሚመጣው አፕሊኬሽኖቹ ሲበዙ ነው። የክፍያው፣ የምዝገባው፣ የሪፖርቱ ሁሉ አንድ ክላስተር ላይ ይሰፍራሉ። አንዱ ሚሞሪውን ጠርጎ ከበላው ሌላው ይራባል። ስለዚህ ለየቡድኑ ክልል ይከለላል፤ ለእያንዳንዱም ቢያንስ የሚያገኘው ድርሻና ሊያልፈው የማይችለው ጣሪያ ይወሰናል። የሚሞሪ ጣሪያውን የጣሰ እንዲቆም ተደርጎ እንደ አዲስ ይነሳል።

ይኼን ለአባባ በእኛው ማሳ መሰልኩላቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት በመዘገበው በጌዴኦ መልክዓ ምድር እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች አንድ መሬት ላይ ተደራርበው ይኖራሉ። ጥላው ከበዛ ቡናው በደንብ አያፈራም፤ ስለዚህ ቅርንጫፉ ይመለመላል። አባባ ወዲያው ገባቸው። ቀጥለው ግን «እና ሲጠብባችሁ እንሰቱ የቱ ነው?» አሉ። እንሰት የቤት ጉሮሮ ነውና ከሁሉም በፊት እሱ መትረፍ አለበት ማለታቸው ነው።

ወንድሜ እንደነገረኝ እዚያም ቅደም ተከተል አለ። ቦታ ሲጠፋ ዝቅ ያለ ቁጥር የተሰጠው ተነስቶ ከፍ ላለው ይለቃል። ቁጥሩን የሚሰጠው ግን ማሽኑ አይደለም፣ ሰው ነው። እንግዲህ የጋዜጠኛ ሥራ እዚህ ጋ ይጀምራል። አንድ አገልግሎት ሲቋረጥ «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ብቻ ይዘን መመለስ የለብንም። ሲጠብ የቱ ይቅደም ብሎ የወሰነው ማነው? በማንስ ሚዛን? ይኼን ለመጠየቅ የኮምፒውተር ምሩቅ መሆን አያስፈልግም።