ያበበን መጐንደል

ያረጀ ነገር ይቆረጥ ማለት አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው መጋዙን ሲይዙ ነው። ይህንን ያወቅነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ከቤተሰባችን ጓሮ ነው።

አምና በጥር ለዕረፍት ቤት ስንገባ፣ እኛ ወንድማማቾች አንድ ሐሳብ ይዘን ነበር። በእንሰቱ መካከል፣ ከዋንዛውና ከብርብራው ጥላ ሥር ያሉትን ቡናዎች አያታችን ከሟቹ ባለቤታቸው ጋር የተከሏቸው ናቸው። ግንዳቸው ሸብቷል፤ ፍሬያቸውም ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ቀርቷል። የግብርና ባለሙያ እንደሚመክረው፣ እንዲህ ያለው ቡና ለቀማው ካለቀ በኋላ በበጋ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ይጐነደላል። ቁርጡ ውሃ እንዳያቋጥር ሰያፍ ይደረጋል። ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ከቀንበጦቹ ጠንካሮቹ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ይቀሩና ሌላው ይወገዳል። ሲነገር ቀላል ነው።

በጋው ግን በጋ አልሆነም። መድረቅ በሚገባው ወር ዝናብ ጣለ፤ ከሳምንት በኋላ አሮጌው ቡና ሁሉ ነጭ ለበሰ። መጋዙን ይዘን ስንወጣ አያታችን ከምድጃው ዳር ብድግ አሉ።

«ምነው ልጆቼ፣ ያበበን ትቆርጣላችሁ?»

«ያለ ወቅቱ እኮ ነው ያበበው፣ እማማ። ዝናቡ ካቋረጠ ይረግፋል» አልናቸው።

«ይርገፋ! እናንተስ በምን ተማራችሁ?»

መልስ አጣን። ደብተራችንም ጫማችንም የአውቶቡስ ሒሳባችንም ከዚያው ቡና የወጣ ነው። የተጐነደለ ቡና ደግሞ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ የታናሽ እህታችን የትምህርት ወጪ ከየት ይመጣል? እንሰቱ ቆጮ ሆኖ ሆድ ይሸፍናል፤ ገንዘብ የሚያመጣው ግን ቡናው ነው። «ይቆረጥ» ያልነው ይህን ሁሉ ሳናሰላ ነበር።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በጣም ተደስተን ነበር። ቅርስ ሲባል ሳይነካ የሚቀመጥ ነገር ይመስለን ነበር። ይህ ቅርስ ግን ሰው ካልቆረጠው፣ ካልተከለው፣ በልቶም ካላደረበት የሚኖር አይደለም።

ማታ አባታችን ነገሩን አበረዱት። «ሲሶውን ብቻ ዘንድሮ፣ የቀረው በየተራው» አሉ። ባለሙያዎችም ገበሬው ባንዴ ገቢ እንዳያጣ የሚመክሩት እንዲህ ከፋፍሎ መጐንደልን ነው። አያታችን ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ በማግስቱ አበባ ያነሰባቸውን ዛፎች እየዞሩ ራሳቸው ጠቆሙን። ስንቆርጥ ግን ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

ካልተቆረጠው ቡና አበባው ብዙ ቢረግፍም፣ የተለቀመው ለእህታችን ወጪ በቃ። ጉቶዎቹም አቆጠቆጡ። ቀንበጥ የመረጡት አያታችን ናቸው፤ «ይኼ ይቅር፣ ይኼ ይውጣ» እያሉ፣ እኛ እንኳ የምናሳሳለትን ቀንበጥ ቀነጠሱት።

አሁን የሁለተኛው ሲሶ ተራ ደርሷል። መጋዙን የምንይዘው ያው እኛ ነን፤ ዘንድሮ ግን የትኛው እንደሚቆረጥ አስቀድመን እማማን ጠይቀናል።