ለአንድ ክንድ ሦስት አስተማሪ

በግቢያችን ከምግብ አዳራሹ ጀርባ አንድ ያረጀ የሜዳ ቴኒስ መጫወቻ አለ። መስመሩ ደብዝዟል፤ መረቡም ሁለት ቦታ ላይ በሲባጎ ተጠግኗል። ቢሆንም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ንብረት ክፍል የሚሠሩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ከአንድ መምህራችን ጋር ይጫወቱበታል።

ጋሼ የመጣላቸውን ኳስ መመለስ ያውቁበታል። ችግራቸው ሰርቪስ ነበር። አንባብያን እንደምታውቁት ሰርቪስ የሚመታ ሰው ሁለት ዕድል አለው፤ ሁለቱንም ካበላሸ ነጥቡ የባላጋራው ነው። ጋሼ የመጀመሪያዋን መረብ ላይ ይሰኳታል። ሁለተኛዋን ደግሞ እንዳትጠፋ ፈርተው ራኬቱን እንደ ሰፌድ ይደግኑና ቀስ አድርገው ይገፏታል። ኳሷ እያዘገመች ስትደርስ መምህሩ እንደ ልባቸው ይመቷታል።

እኛ የስፖርት ትምህርት የምንከታተል ሦስት ሠልጣኞች ይህን አይተን ዝም ማለት አልቻልንም። «ጋሼ፣ እናስተካክልልዎ» አልናቸው። «እስቲ ልጆቼ፣ የተማራችሁትን አሳዩኝ» አሉን።

ጥፋታችንም ከዚሁ ይጀምራል። አንዳችን ከግራ «ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ» እንላለን። ሌላችን ከቀኝ «ራኬቱን እንደ መጥረቢያ ይያዙት» እንላለን። ሦስተኛችን ከኋላ «ትከሻዎን ያዙሩ፣ ኳሷን ከፍ ያድርጉ» እያልን እንጮኻለን። የተናገርነው አንዱም ስሕተት አልነበረም። ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጋሼ ኳሷን ስተው አየር መቱ። አጥር ሥር የተቀመጡ ልጆች ሳቁ። ጋሼ ግን አልሳቁም። ራኬቱን ብብታቸው ሥር አድርገው «ተዉት በቃ፣ ለእኔ ዕድሜ አይሆንም» ብለው ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳው ባዶ ዋለ።

ያን ዕለት ማታ በመኝታ ክፍላችን ስለ ቴኒስ አልተከራከርንም። ለማስተማር ልምምድ የምንወጣበት ጊዜ ቀርቦ ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ሕፃናቱንም እንዲህ ነው የምናደርጋቸው?» ቢል መልስ አጣን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለን ልናስተምር የመጣን ሰዎች፣ እንቁላሉን በአንድ ቀን ልናበረው ቃጣን!

በማግስቱ ይቅርታ ልንጠይቃቸው ሄድን። ሻይ አስቀዱልንና ጨዋታ ተጀመረ። በልጅነታቸው ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍና በድንጋይ ከማሽላ ላይ ወፍ ይጠብቁ እንደነበር አጫወቱን። ያን ጊዜ ነው የነቃነው። ሰርቪስ እኮ ውርወራ ነው! መወርወር የሚያውቅ ክንድ ይዘው ሳለ እኛ አንድም ነገር ሳንጠይቃቸው እንደ አዲስ ልንሠራቸው ተነሥተን ነበር።

እንደ ምንም ለምነን መለስናቸው። በመጀመሪያ ራኬቱን አስቀመጥነው። ከመረቡ 6.40 ሜትር ርቀት ላይ ካለው መስመር ቆመው ኳሷን በእጃቸው ብቻ በመረቡ ላይ አሻግረው ወደ ማዶው ሣጥን እንዲወረውሩ አደረግን። ክንዳቸው ሳይነገረው ሠራ። ከዚያ ጥቂት በጥቂት ወደ ኋላ እያፈገፈጉ 11.89 ሜትር ላይ ካለው የመጨረሻው መስመር ደረሱ።

በሁለተኛው ሳምንት የሠራነው ኳሷን ሽቅብ መልቀቅን ብቻ ነበር። ግራ እጅ ሳይታጠፍ ይነሣል፤ ኳሷም ዓይን አካባቢ ስትደርስ ትለቀቃለች። ሳትመታ ብትወድቅ ከግራ እግር ፊት ለፊት፣ ከመስመሩ ጥቂት ወደ ሜዳው ገባ ብላ ማረፍ አለባት። ለምልክት ኮፍያችንን እዚያ አነጠፍን። የጋሼ ኳስ ግን አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ከጎን ትወድቃለች፤ እሳቸውም እያሳደዱ ይመቷት ኖሯል። «ጋሼ፣ ካላማረችዎት አይምቷት፤ ራኬቱን እስካልሰነዘሩ ድረስ ይዘው እንደገና ቢጀምሩ እንደ ጥፋት አይቆጠርም» አልናቸው። «ኧረ! መያዝ ይቻላል እንዴ?» ብለው ደነገጡ። ስንት ዓመት የተበላሸችውን ሁሉ መምታት ግዴታ መስሏቸው ኖረዋል። ፍርሃታቸውም ግማሹ በዚህ አንድ ቃል ለቀቃቸው።

የራኬቱ አያያዝ በሦስተኛው ሳምንት ተከተለ። ስለ ጉልበት እስከ ዛሬ አላነሣንም።

ጋሼ አሁንም በመምህሩ ይሸነፋሉ። ሁለተኛዋን ኳስ ግን መግፋት ትተዋል፤ ክንዳቸውን ዘርግተው ይመቷታል። ብትወጣም ይስቃሉ።

እኛም ለልምምድ ያዘጋጀነውን የትምህርት ዕቅድ አውጥተን አየነው። ለ40 ደቂቃ አምስት ዓላማ ጽፈን ነበር። አራቱን ሰረዝን።